ፍቺ ፍርድ ቤት ሲደርስ፦ ከአቤቱታው እስከ ንብረት ክፍፍሉ ደረጃ በደረጃ

ትዳር ሊፈርስ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "ጥፋተኛው ማነው?" የሚል ነው። ቤተሰብም፣ ጎረቤትም፣ ሽማግሌም እዚያው ላይ ይሰነብታል። እሱ ያመሻል፣ እሷ አማቷን አታከብርም፣ እሱ ሌላ ወዷል፣ እሷ ስልኳን ትደብቃለች። ሰው ወራት ሙሉ የበደል ዝርዝር ሲያከማች ይከርማል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ፍቺ ለማግኘት ያ ሁሉ ዝርዝር አያስፈልግም። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የቤተሰብ ሕግ ለፍቺ ምክንያት አቅርቡ ብሎ አያስገድድም። ከፈለጋችሁ ትጠቅሳላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ ትተዉታላችሁ።

ስለዚህ ጉልበታችሁን የት ላይ እንደምታውሉት ከወዲሁ ወስኑ። ክርክሩ የሚከብደው ልጆቹ ከማን ጋር ይኖራሉ፣ ቤቱ የማን ነው፣ ዕዳውን ማን ይከፍላል የሚሉት ላይ ነው። በቂ ማስረጃ ሳይዙ ቀርበው መብታቸውን የሚያጡ ሰዎችም የሚጎዱት እዚሁ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም። ጠበቃ ፊት ስትቀመጡ ግን ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ እንድትሄዱ ይረዳችኋል።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚመለከታችሁ እወቁ

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። የጸናው ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። መሠረታዊ ሐሳቦቹ ይቀራረባሉ። ጊዜ ገደቡ፣ የሽማግሌው ሚናና አንዳንድ ዝርዝሩ ግን ሊለያይ ይችላል። ባሕር ዳር ወይም አዳማ የምትኖሩ ከሆነ የክልላችሁን አዋጅ አስፈልጋችሁ አንብቡ። እዚህ የምጽፈው የፌዴራሉን ሕግ ተከትዬ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። "ከባድ ምክንያት" የሚባል ነገርም ነበር። ጥፋተኛ የተባለው ወገን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር። ዛሬም አጎቶቻችንና አክስቶቻችን "የበደለ ባዶ እጁን ይወጣል" የሚሉት ያ ዘመን ትቶት የሄደው ነገር ነው። አሁን እንደዚያ አይደለም። ትዳሩን ያፈረሰ የተባለ ሰውም የጋራ ንብረት ግማሹን ይወስዳል። ፍትሕ ካስገደደ ግን ፍርድ ቤቱ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ሊወስን ይችላል። በደሉ ቦታ የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው

በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ብትጋቡ ሕጉ ሦስቱንም እኩል ያውቃቸዋል። አወጣጡ ግን አንድ በር ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ "ተለያዩ" ቢል፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ ቢፈራረም፣ ንብረት ቢያካፍል፣ በሕግ ፊት ተፋታችሁ ማለት አይደለም። እሷ ወላጆቿ ቤት መግባቷ፣ እሱ ቤት ተከራይቶ መውጣቱም ፍቺ አይደለም። ይህን በደንብ ያዙት። ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ሰዎች አንዱ ሲሞት ወይም ቤት ሊሸጥ ሲል ነው "ለካ አሁንም ባልና ሚስት ነን" የሚሉት። ያልፈረሰ ጋብቻ ይዞ ሌላ ማግባት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል።

የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሥርዓት የራሱ መንገድ አለው። በተክሊል ወይም በቁርባን የተጋባ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የሚነጋገረው ጉዳይ ይኖረዋል፤ ያ ግን የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አይተካም። ሙስሊም ተጋቢዎች ሁለቱም ወገን ፈቅደው ከተስማሙ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይህን ይፈቅዳል። ቁልፉ ፈቃድ ነው። አንዱ ወገን አልፈልግም ካለ ማስገደድ አይቻልም።

አቤቱታ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት ሰብስቡ

ይህ እርምጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ነገሩ ሳይከር፣ ሁለታችሁም አንድ ቤት ውስጥ እያላችሁ ማግኘት የሚቻል ሰነድ አለ። ነገር ከከረረ በኋላ ፋይሉ ይጠፋል፣ መሳቢያው ይቆለፋል።

መጀመሪያ የጋብቻ ማስረጃ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት ወይም ሰማንያችሁን ያዙ። ከጠፋ ከተመዘገበበት ቦታ ግልባጭ ጠይቁ። ጭራሽ ያልተመዘገበ ጋብቻ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። እንደ ባልና ሚስት ስትኖሩ የሚያውቋችሁ፣ ሠርጋችሁ ላይ የነበሩ ሰዎች በምስክርነት ሊያስረዱላችሁ ይችላሉ።

ቀጥሎ የልጆች የልደት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የሕክምና ወጪ ካለ ማስረጃው። ቀለብ ሲጠየቅ ዳኛው "በወር ስንት ያስፈልጋል?" ይላል። በአፍ "ብዙ ነው" ከማለት ደረሰኝ ማቅረብ ይሻላል።

ከዚያ ንብረቱ። የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የባንክ የቤት ብድር ክፍያ ደረሰኞች፣ የመኪና ሊብሬ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የአክሲዮን ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር፣ የቁጠባ ማህበር ደብተር፣ የዕቁብ ደብተር። ዕቁቡን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በትዳር ውስጥ ሲጣል የቆየ ዕቁብ ከሁለታችሁ ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው። ኦሪጅናሉን ማግኘት ካልቻላችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ቢያንስ የካርታ ቁጥሩን፣ የሂሳብ ቁጥሩንና የቅርንጫፉን ስም ጻፉ። ቁጥሩ ካለ በኋላ ፍርድ ቤቱን "ለባንኩ ትዕዛዝ ይጻፍልኝ" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። "የሆነ ባንክ ውስጥ ገንዘብ አለው" የሚል ቃል ግን የትም አያደርስም።

ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ወረቀት ስትሰበስቡ ራሳችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ። መጀመሪያ ደኅንነት። ከቤት ውጡ፣ ፖሊስ ጋር አመልክቱ፣ የሕክምና ማስረጃ ያዙ። የትዳር ጓደኛን መምታት በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ነው፤ የቤት ጉዳይ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሰነዱ በኋላም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊመጣ ይችላል።

በስምምነት ወይስ በአንድ ወገን?

ሕጉ ሁለት መንገድ አስቀምጧል። አንደኛው ሁለታችሁም ለመፋታት ተስማምታችሁ የስምምነት ሰነዱን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ነው። ሁለተኛው አንዳችሁ ወይም ሁለታችሁ የፍቺ ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ እዚህ ላይ ስለ ውጤቱ ስምምነት አይኖርም።

በስምምነት መለያየት ገንዘብም ጊዜም ይቆጥባል። ለልጆቹም እጅግ ይሻላል። ስምምነቱ ውስጥ ግን መፋታታችሁን ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ሌላው ወላጅ መቼና እንዴት እንደሚያያቸው፣ ቀለቡ ስንት እንደሆነና በየትኛው ቀን በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ፣ ቤቱ፣ መኪናው፣ ዕዳው ሁሉ ይጻፍ። "በኋላ እንስማማለን" የሚለው ሐረግ ስንቱን ሰው ተመልሶ ፍርድ ቤት አስኬዶታል።

ዳኛው ስምምነቱን ዝም ብሎ አያጸድቅም። ሁለታችሁንም በተናጠል ወይም በአንድነት ያነጋግራል፤ ፈቃዳችሁ እውነተኛ መሆኑን፣ ማንም ያስገደዳችሁ አለመኖሩን ያጣራል። ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም የማይጠብቅ ወይም አንዱን ወገን የሚጎዳ ከሆነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ሊያስተካክል ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባልና ሚስት በትዳር ላይ እያሉ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ሕጉ አንቀጽ 73 ላይ ያለው ነው። "ቤቱን ለእሷ ትቻለሁ፣ መኪናው የእኔ ይሁን" ብላችሁ ሦስት ምስክር ፊት ብትፈራረሙም ያ ወረቀት ብቻውን አያስተማምንም። ስምምነታችሁን ፍርድ ቤት አስጸድቁት።

አቤቱታው እና አስቸኳዩ ጥያቄ

አዲስ አበባ ውስጥ የፍቺ ጉዳይ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። አቤቱታው ረጅም መሆን የለበትም። የአመልካችና የተጠሪ ስምና አድራሻ፣ መቼና በምን ሥርዓት እንደተጋባችሁ፣ የልጆች ስምና ዕድሜ፣ ከፍርድ ቤቱ የምትጠይቁት ዳኝነት፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ መጨረሻ ላይ ያቀረባችሁት እውነት መሆኑን የምታረጋግጡበት ቃልና ፊርማ። ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይህን ቅርጽ ያውቁታል። ይዘቱን ግን ራሳችሁ አስቡበት። ያልጠየቃችሁትን ዳኛ አይሰጣችሁም። ስድብና ሐሜት አታስገቡበት። መዝገቡ ልጆቻችሁ አድገው ሊያነቡት የሚችሉት ሰነድ ነው።

ዋናው ነገር ከአቤቱታው ጋር ምን አስቸኳይ ትዕዛዝ እንደምትጠይቁ ነው። ፍርድ ቤቱ የፍቺ ጥያቄ እንደደረሰው ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትዕዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ይህን አለመጠየቅ ትልቅ ኪሳራ ነው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ወራት ይሄዳል፤ ልጅ ደግሞ በየቀኑ ይበላል። ጊዜያዊ ቀለብ ጠይቁ። አንዳችሁ ከቤት መውጣት ካለባችሁ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ያመዛዝናል።

ቤቱ ወይም መኪናው ይሸጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ የእግድ ትዕዛዝ ጠይቁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ይህን ይፈቅዳል። ትዕዛዙን ካገኛችሁ በኋላ ለመሬት አስተዳደሩ ወይም ለትራንስፖርት ቢሮው መድረሱን በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። መዝገብ ውስጥ ብቻ የቀረ እግድ ሽያጭ አያስቆምም።

የትዳር ጓደኛችሁ የት እንዳለ ካልታወቀ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። አዲስ ዘመን ላይ የምታዩዋቸው የመጥሪያ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ናቸው።

አቅም ለሌለው ሰው መንገድ አለ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችላላችሁ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የኖረ ድርጅት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። የሰማችሁትን ከማመን እዚያ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች ለክረምት እረፍት ይዘጋሉ። ያኔ የሚሠራው ለአስቸኳይ ጉዳይ የተመደበ ተረኛ ችሎት ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፋይል የሚከፍት ሰው ይህን አስቦ ይግባ።

የማስታረቁ ጊዜ

ፍርድ ቤቱ ወዲያው "ተፋቱ" አይልም። መጀመሪያ ሐሳባችሁን እንድትቀይሩ ያነጋግራችኋል። በአንድ ወገን ጥያቄ የመጣ ከሆነ ራሳችሁ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንድትታረቁ ሊመራችሁ ይችላል። ካልሆነ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። በስምምነት ለሚፋቱም ይኸው የሦስት ወር ጣሪያ አለ።

እነዚህ ሽማግሌዎች እንደ ድሮው ፍቺ አይወስኑም። ሥራቸው ማስታረቅ መሞከርና ውጤቱን ለፍርድ ቤቱ ሪፖርት ማድረግ ነው። ሽማግሌ ስትመርጡ የሚጮኽላችሁን ሰው ከመምረጥ የምታምኑትን፣ ምስጢር የሚይዝ ሰው ምረጡ። ዕርቅ ባይወርድ እንኳ እንዲህ ያለ ሰው ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ ግማሽ መንገድ ሊያስማማችሁ ይችላል። ሙከራው ካልተሳካ፣ የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ከደረሰ ወይም የማሰላሰያው ጊዜ ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ የፍቺውን ውሳኔ መስጠት አለበት። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። በተግባር ቀጠሮ ሊራዘም ስለሚችል ቀጠሮ አትቅሩ። አንድ ቀን መቅረት መዝገቡ እንዲዘጋ ሊያደርግ ይችላል።

ልጆች

"ልጅ ለእናት ነው" የሚለው አባባል ዛሬ ሕግ አይደለም። በ1952ቱ ሕግ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከባድ ምክንያት ከሌለ ከእናታቸው ጋር ይሆናሉ ይል ነበር። አሁን ያለው ሕግ አንቀጽ 113 እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መስመር አላስቀመጠም። ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ በልጆች ጉዳይ የልጁ ጥቅም ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። ትንሽ ሕፃን ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጋር ይቀራል፤ ያ ግን ከልጁ ፍላጎት የሚመጣ ነው።

ስለዚህ አባትም ሆነ እናት ችሎት ፊት ማስረዳት ያለባችሁ ስለ ልጁ ዕለታዊ ኑሮ ነው። ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማነው? ሲታመም ሐኪም ቤት የሚወስደው ማነው? የሚኖርበት ቤት ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ሥራ ላይ ስትሆኑ ማን ይይዘዋል? ሌላውን ወላጅ ከማጥላላት ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ይዞ መቅረብ የበለጠ ያሳምናል።

ልጁን ያላገኘ ወላጅ የመጎብኘት መብት አለው። ይህ የልጁም መብት ነው። "ቀለብ ስላልከፈለ ልጁን አላሳየውም" ማለት አይቻልም። "ልጁን ስላላሳየችኝ ቀለብ አልከፍልም" ማለትም እንደዚያው። ሁለቱ የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው። የጉብኝቱን ቀንና ሰዓት በውሳኔው ውስጥ አስጽፉት፤ ለበዓላት፣ ለእረፍት ወራት ጭምር። ፋሲካና ገና፣ ዒድና አረፋ ከማን ጋር ይዋላል የሚለው ክርክር በየዓመቱ የልጁን በዓል ያበላሻል።

የቀለብ መጠን በሕጉ በመቶኛ አልተቆረጠም። የጠያቂው ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ተመዛዝኖ ነው የሚወሰነው። ደመወዝተኛ ከሆነ የደመወዝ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቀርብ ይጠየቃል። ነጋዴ ወይም ሾፌር ከሆነ ገቢውን ማስረዳት ይከብዳል፤ እዚህ ላይ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የግብር መረጃ፣ የኑሮ ደረጃ ይረዳል። ኑሮ ሲወደድ፣ ልጅ ሲያድግ ወይም የከፋዩ ገቢ ሲቀየር ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ያልተከፈለ ቀለብ እንዲጠራቀም አትተዉት፤ ቶሎ የአፈጻጸም መዝገብ (ውሳኔው በግዴታ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን) ክፈቱ። የማሳደግ ግዴታን ሆን ብሎ አለመወጣት በወንጀልም ያስጠይቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀለብ ለልጅ ነው። ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ በየወሩ የሚከፈል ቀለብ ሕጋችን አላስቀመጠም። ፊልም ላይ የምናየው የሌላ አገር ነው። ለዓመታት ሥራ ትታ ቤት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ዋነኛ ዋስትናዋ የጋራ ንብረቱ ግማሽ ነው። ለዚህ ነው የንብረቱ ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው።

ንብረት፦ የግልና የጋራ

የግል ንብረት የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ነገር ነው። በትዳር ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ በግላችሁ ያገኛችሁትም እንዲሁ። ሌላው፣ በትዳር ዘመን የተገኘ ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በአንዱ ስም ብቻ ተመዝግቦ ቢገኝም ለውጥ የለውም። "ካርታው በእኔ ስም ነው" የሚለው ክርክር ብዙ ሰው ይተማመንበታል፤ ብቻውን አያድንም። የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት።

ሰው የማይጠብቃቸው ውጤቶች አሉ። ደመወዛችሁ የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ቤት የግላችሁ ቢሆንም በትዳር ውስጥ የሚያስገኘው ኪራይ የጋራ ነው። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሄዳ ዓመታት ሠርታ የላከችው ገንዘብም፣ በዚያ ገንዘብ የተሠራው ቤትም የጋራ ነው። ይህ ለላከችው ሴት መራራ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ባል በራሱ ስም ቢገዛውም ግማሹን ከእጇ ሊነጥቃት አይችልም ማለት ነው። የላከችበትን የሐዋላ ደረሰኝ ትያዝ።

ጠብ የሚበዛበት ቦታ ደግሞ ይኸውላችሁ። የግል ንብረታችሁን ሸጣችሁ በትዳር ውስጥ ሌላ ከገዛችሁ፣ አዲሱ ንብረት የግል ሆኖ እንዲቀጥል ፍርድ ቤት ማጽደቅ አለበት። አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም። ከአያቱ የወረሰውን ቦታ ሸጦ ኮንዶሚኒየም ይገዛል፤ በኋላ "ይህ የውርሴ ገንዘብ ነው" ሲል ክርክር ይነሳበታል። ያን ጊዜ የሽያጭ ውሉ፣ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ፣ ከዚያ ሂሳብ ወጥቶ ቤት የተከፈለበት ቀን ሁሉ ይፈለጋል። የግል ንብረታችሁ ተሸጦ ዋጋው ከጋራው ጋር ከተቀላቀለ፣ ይህን ማስረዳት ከቻላችሁ ከክፍፍሉ በፊት ተመጣጣኙን ከጋራው የመውሰድ መብት አላችሁ።

ከጋብቻ በፊት ተመዝግቦ በትዳር ውስጥ የተከፈለ ኮንዶሚኒየምም እንዲሁ አከራካሪ ነው። ቅድመ ክፍያው መቼ፣ ወርሃዊው ከማን ገቢ፣ ውሉ መቼ ተፈረመ የሚለው በደረሰኝ ይለያል።

ክፍፍሉ ራሱ መርሁ ቀላል ነው፤ እኩል። የተቻለው በዓይነት ይካፈላል። አንዱ ቤት፣ አንዱ መኪና ከወሰደ ልዩነቱ በገንዘብ ይስተካከላል። አንድ ቤት ብቻ ካለና ለሁለት መክፈል ካልተቻለ መጀመሪያ ተስማሙ ይባላል፦ ወይ አንዱ ለሌላው ግማሹን ከፍሎ ያስቀር፣ ወይ ይሸጥና ይካፈሉ። ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ ከመድረስ ተስማምቶ መሸጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል። ባለሙያ የሰጠው ግምት ዝቅ ብሏል ካላችሁ በጊዜው ተቃወሙ።

የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን አንዱ ብቻውን መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ አይችልም። ተሽጦ ካገኛችሁት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ፣ ያም ቢሆን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፍ። "ቆይ ሽማግሌ ይየው" እየተባለ ይህ ጊዜ ያልፋል።

ዕዳም ለሁለት ይከፈላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የገባችሁት ዕዳ፣ ለምሳሌ ለቤት፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና፣ የሁለታችሁም ነው። በማን ስም ተፈረመ የሚለው አያድንም። አንዱ ለራሱ ብቻ ያጠፋውን ገንዘብ ግን መለየት ይቻላል፤ አሁንም በማስረጃ።

በተግባር ፍቺው አንድ መዝገብ ላይ ይወሰንና የንብረቱ ክርክር በሌላ መዝገብ ይቀጥላል። የፍቺውን ውሳኔ ይዞ "ጉዳዩ አለቀ" ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ንብረቱ በሌላው እጅ በቆየ ቁጥር ይሟሟል።

ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለኖሩም ሕጉ ቦታ አለው። ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተገኘው ንብረት የጋራ ይሆናል።

ውጭ አገር ላላችሁ

ዋሽንግተን፣ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለ ጉዳይ መከታተል የምትችሉት በውክልና ነው። ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አስደርጉ፤ አዲስ አበባ ሲደርስም የሚጠየቀውን ማረጋገጫ ያሟላ። "በማናቸውም ጉዳይ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ላይ ብቻ አትመኩ። ስለ ፍቺው፣ ስለ ንብረት ክፍፍሉ፣ ስለ መሸጥና ስለ መስማማት በግልጽ ይጻፍ። ወኪላችሁን ስትመርጡም አስቡበት። በወንድም ስም የተሰጠ ሰፊ ውክልና ሌላ ክርክር ወልዶ ያውቃል።

ውጭ አገር ፍርድ ቤት የሰጠው የፍቺ ውሳኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለን ቤት በቀጥታ አያካፍልም። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም በአገሪቱ ፍርድ ቤት በኩል ማለፍ አለበት። የፍቺው ሕግም እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየግዛቱ ይለያያል፣ እስራኤል ውስጥ የአይሁዶች ጋብቻና ፍቺ በራቢ ፍርድ ቤቶች ይታያል። እዚህ የጻፍኩትን ወስዳችሁ እዚያ አትከራከሩበት፤ የሚመለከታችሁን አገር ጠበቃ ጠይቁ።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ

በውሳኔው ቅር ካላችሁ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የውሳኔውን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ ግልባጭ እየጠበቁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

ውሳኔውን ይዛችሁ ወረዳ ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሂዱና ፍቺውን አስመዝግቡ። የፍቺ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው በኋላ ለማግባት፣ ለቪዛ፣ ቤት ለመሸጥ አይንገላታም። መታወቂያችሁ ላይ የጋብቻ ሁኔታ ተጽፎ ከሆነ ይቀየር። የባንክ ወኪል ወይም የኢንሹራንስ ተጠቃሚ አድርጋችሁ የቀድሞ የትዳር ጓደኛችሁን ጽፋችሁ ከሆነ አስተካክሉት። ለእሱ ወይም ለእሷ የሰጣችሁት ውክልና ካለ በጽሑፍ ሻሩትና መሻሩን ውክልናው ለተሰጠበት መሥሪያ ቤት አሳውቁ።

ሴት ዳግም ማግባት ከፈለገች ሕጉ አንቀጽ 16 ላይ ከፍቺው በኋላ 180 ቀን እንድትቆይ ይላል። ዓላማው የሚወለደው ልጅ አባት እንዳያከራክር ነው። በመሃል ከወለደች፣ ያው የቀድሞ ባሏን የምታገባ ከሆነ ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ይህን ቀን መጠበቅ የለባትም።

ቀለብ የምትቀበሉም የምትከፍሉም ከሆነ ክፍያው በባንክ ብቻ ይሁን። በእጅ አትስጡ፣ በእጅ አትቀበሉ። ማስተላለፊያው ላይ የወሩን ስም ጻፉበት። ከሦስት ዓመት በኋላ "አልከፈለም፣ ከፍያለሁ" የሚል ክርክር ቢነሳ የባንኩ ዝርዝር ይበቃል።